ለሚመለከተው ሁሉ፦ አባ ኮዳን ማን ቆጠረው?

ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር፣
የክልሉን የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ለምትመሩ፣
ለሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣
ለአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች፣
ሐይቁ ዳር ቡና ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ሁሉ።

ጉዳዩ፦ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ጨምሮ የሐዋሳ ሐይቅን የወፍ ቆጠራ ይመለከታል

«ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ የጀመርኩት የመሥሪያ ቤት ልማድ ሆኖብኝ ብቻ አይደለም። ዕድሜ ልኬን በዚህ ቃል ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ዛሬ ግን በሁለቱም ፍቺው ነው የምለው። ጉዳዩ የሚመለከታችሁ አላችሁ። ሐይቁን ቆማችሁ የምትመለከቱም አላችሁ። ሁለቱ አንድ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ራሴን ባጭሩ ላስተዋውቅ። ጡረታ የወጣሁ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በሞዴል 19 እና በሞዴል 22 መካከል ነው። ገቢ በ19፣ ወጪ በ22። ሰኔ 30 ሲደርስ የመጋዘኑ በር ይዘጋል። «ለቆጠራ ዝግ ነው» የምትል ወረቀት ትለጠፋለች። ከዚያ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መጥረጊያ ሳይቀር እንቆጥራለን። እግሩ የተሰበረ ወንበር እንኳ አይዘለልም፤ «የማያገለግል» ተብሎ ይመዘገባል። አንድ ወንበር ቢጎድል ደብዳቤ ይጻፋል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ መጨረሻ ላይ ከአንድ ምስኪን ደመወዝ ይቆረጣል።

ጡረታ ወጥቼ ጠዋት ጠዋት ግድቡ ላይ መራመድ ስጀምር አንድ ነገር ከነከነኝ። የቢሮው ወንበር ሁሉ ተቆጥሯል። እዚህ ውኃው ዳር የቆመውስ?

ጥያቄውን ቡና ላይ አነሳሁት። አቤት የመጣብኝ! አንዱ «ድሮ እኮ ወፉ ሲነሳ ሰማዩ ይጠቁር ነበር፤ አሁን ምን ቀረ?» አለ። ሌላው «ኧረ ተው! አሁን ነው የበዙት። መኪናዬን ዛፍ ሥር ማቆም አቃተኝ» ብሎ ተቆጣ። ሁለቱም የሐዋሳ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ይምላሉ። እኔ ደግሞ የተካንኩት በአንድ ነገር ነው፦ ሁለት ሰው ስለ አንድ መጋዘን ሲጣላ የዕቃ መመዝገቢያ ካርዱን፣ ቢን ካርዱን፣ ማውጣት። ካርዱ የታለ?

ፍለጋ ወጣሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። «ፋይሉ ያለው ከሳቸው ጋር ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሥልጠና ላይ ናቸው» ተባልኩ። በሳምንቱ ተመለስኩ። ሥልጠናው አልቋል፣ ስብሰባ ገብተዋል። ሌላ ቦታ ስጠይቅ አንዲት ትሁት ልጅ ወንበር ሰጠችኝ። ወንበሩ ጀርባ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ልማድ ሆኖብኝ አነበብኩት። ከዚያ «ጋሼ፣ የወፍ ቆጠራው ነበረ፤ የሠራው ልጅ ግን ተዛወረ» አለችኝ። ወረቀቱስ? «ላፕቶፑ ላይ ነበር።» ላፕቶፑስ? «የራሱ ነበር።» እንግዲህ በእኛ ዘመን ሰው ሲዛወር ርክክብ ያደርጋል። ስቴፕለር ሳያስረክብ ክሊራንስ አይፈረምለትም። የሐይቁ ወፍ ግን ያለ ርክክብ ሄደ።

ቆጣሪ የለም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ቆጣሪዎቹን ላመስግን። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ወፍ በመቁጠር ስሙ ይነሳል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ወንዶ ገነት ላይ የዱር እንስሳት ትምህርት ያስተምራል፤ ሐይቁ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሠሩ ተማሪዎች አሉ። ችግሩ ሌላ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ክረምትና በጋ ቆጥሮ ያበቃል፤ ልጁ ይመረቃል፣ ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ቀጣዩ ልጅ በሌላ ቦታ፣ በሌላ ወር፣ በሌላ ዘዴ ይጀምራል። በሒሳብ ቋንቋ «ካለፈው ዓመት የዞረ» የሚለው መስመር ሁልጊዜ ባዶ ነው ማለት ነው። መነሻ የሌለው ሒሳብ ደግሞ ምን ያህል እንደጎደለ ሊነግራችሁ አይችልም። ያለውን ብቻ ይነግራችኋል።

ከዚህ በኋላ እልህ ያዘኝና ራሴ ልቁጠር አልኩ። የእህቴን ልጅ ይዤ አንድ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አሞራ ገደል ወረድን። ልጁ ተማሪ ነው፤ የተዋሰው መነፅር አለው፣ ያውም ሩቅ የሚያሳይ። እኔ የቆጠራ ቅጼን በእርሳስ አስምሬ ይዣለሁ።

አሞራ ገደልን የማያውቅ የሐዋሳ ሰው የለም፤ ለሌላው ግን ትንሽ ልበል። ሌሊቱን መረብ የጣሉት ጀልባዎች ጠዋት ይገባሉ። ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ቢልጫው ይወርዳል። ልጆች ቁጢጥ ብለው ይገፍፋሉ። ቅርፊቱ ክንዳቸው ላይ ተለጥፎ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ከጀርባቸው አባ ኮዳዎቹ ተሰልፈዋል። ከፍታቸው የሰው ደረት ያልፋል። ክንፋቸውን አጣጥፈው፣ አንገታቸውን ቀብረው፣ እጁን ከኋላ አጣምሮ ሠራተኛ የሚቆጣጠር ካቦ ይመስላሉ። አንጀት ሲወረወር ካቦነቱ ይቀራል፤ ግፊያ ነው።

ቀረብ ብላችሁ እግሩን እዩት። ነጭ ይመስላል። ቀለሙ ግን ነጭ አይደለም፤ ጠቆር ያለ ነው። ሙቀት ሲበዛበት የራሱን ኩስ እግሩ ላይ ይለቃል፤ እርጥበቱ ሲተን ይበርድለታል፤ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይቀራል። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችው ቀይ ከረጢትም፣ ስሙን ያወጣችለት ኮዳ፣ ውኃም ምግብም አትይዝም። አየር ነው ያለባት። ይህን ስሰማ ትንሽ አዘንኩ። ስንቅ ይዞ የሚዞር ነበር የሚመስለኝ።

ቆጠርን። እኔ 61 አልኩ። የእህቴ ልጅ 74 አለ። ተያየን። እንደገና ስንጀምር አንድ ውሻ ሮጦ መሃላቸው ገባ። ሁሉም ተነሱ። እንዴት ያለ ድምፅ መሰላችሁ፤ ሸራ ሲራገፍ እንደሚሰማው ነው። ተመልሰው ሲያርፉ የቱ የተቆጠረ፣ የቱ ያልተቆጠረ እንደሆነ ማን ይለያል?

ሲገፍፍ የነበረ ልጅ ከት ብሎ ሳቀብን። «ፋዘር፣ እነዚህ እኮ ሁሉም አይደሉም። ቄራ የሄዱ አሉ።» መቼ ይመለሳሉ? «ማታ። ሁሉም ዛፉ ላይ ነው የሚያድሩት።» ከዚያ ቢላዋውን ወደ አንዱ ቀስሮ «ያ ሐንካሳው የኔ ነው። አውቀዋለሁ፣ ዓመት አልፎታል» አለ። ልሄድ ስል ደግሞ አንድ ነገር ጨመረልኝ። «በጾም ነው የሚበዙት። ሁዳዴ ሲገባ ና።»

ቤት ገብቼ ሳስበው ያ ልጅ የሰጠኝ ትምህርት የአንድ ኮርስ ያህል ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ይቆማል፣ የዓሣ ገበያ ይደራል፣ አንጀቱ ይበዛል፣ ወፉ ይሰበሰባል። እንግዲህ አንድ ዓመት በሁዳዴ፣ ሌላ ዓመት በፍስክ ብትቆጥሩ፣ «አባ ኮዳ በግማሽ ቀነሰ» ብላችሁ ሪፖርት ልትጽፉ ነው። ወፉ ግን የትም አልሄደም፤ ቄራ ነው ያለው። ቀን ዓሣ ገበያ ላይ ከመሯሯጥ ማታ 12 ሰዓት ላይ ማደሪያ ዛፉ ሥር ቆሞ ሲገቡ መቁጠር ይሻላል። ለካ ይህ በዓለምም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ልጁ ያለ መጽሐፍ ደርሶበታል።

የእህቴ ልጅ ሌላም አሳየኝ። ጀማሪ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይላል። የለመደ ሰው አሥር ወፍ ይቆጥራል፤ አሥሩ የሚይዘውን ስፋት በዓይኑ ይይዛል፤ ከዚያ መንጋውን በዚያ ስፋት ይለካል። ይህ አዲስ አልሆነብኝም። ሚስማር በፍሬ ቆጥሮ የሚያውቅ ንብረት ክፍል አለ? በኪሎ ነው። የኛ ከተማ ደግሞ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ከዚህ ዳርቻ ስታዩ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ናት፤ ወፉ ጥርት ብሎ ይታያል። ማታ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመጣለች፤ ሁሉም ጥቁር ጥላ ይሆናል። ለአባ ኮዳ ጥላም ይበቃል፣ ቅርፁ ይናገራል። ለትናንሾቹ ግን ጠዋት ነው።

እንዳልረሳ፣ ስም ላይ ያለብንን ዕዳም ላንሳ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ትልቅ ከሆነ «አሞራ» ብለን እናልፋለን፤ ትንሽ ከሆነ «ወፍ»። ቦታውን ራሱ አሞራ ገደል ብለነዋል። ንብረት ክፍል ውስጥ «ልዩ ልዩ ዕቃ» ብሎ የሚመዘግብ ሰው ወይ ሰነፍ ነው ወይ ሌባ። አየር ላይ ቆሞ እየተንቀጠቀጠ ድንገት ውኃው ውስጥ የሚወረወረው ጥቁርና ነጭ ወፍ አንድ ነው። ፊላው መሃል በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ የሚራመደው፣ ጣቱ ክፉኛ የረዘመው ቡናማ ወፍ ሌላ ነው። በነገራችን ላይ በዚህኛው እንቁላሉን የሚታቀፈው ወንዱ ነው። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚጮኸው ነጭ ራስ ንስር ደግሞ ዓሣ ነው የሚበላው። ሁሉንም «ልዩ ልዩ» ብለን አንድ መስመር ላይ ከጻፍናቸው የትኛው እንደጎደለ በምን እናውቃለን? ዓሣ አስጋሪዎቹ ከኛ ይሻላሉ። በሲዳምኛ የየራሱን ስም ይጠሩታል። ቅጹ ላይ ለሲዳምኛው ስም አንድ ዓምድ ይከፈት፤ ሳይጻፍ እንዳይጠፋ።

አሁን «ወፍ ብትጎድል ምን ይገርማል፣ ስንት ችግር እያለ» የሚል አይጠፋም። ለእሱ ስለ ሕንድ ጥንብ አንሳ ልንገረው።

ጥንብ አንሳ ሕንድ ውስጥ እንደ ቁራ ተራ ነበር። ማንም ልብ አይለውም። ራጃስታን ውስጥ ኬኦላዴኦ በሚባል ፓርክ ግን አንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጎጆአቸውን ቆጥሮ ጽፎ ነበር። በ1990ዎቹ ተመልሶ ሲቆጥር ጎድሎ አገኘው። በቀጣዩም ጎደለ። መነሻ ቁጥር ስለነበረው «መሰለኝ» አላለም፤ ጮኸ። ምክንያቱ የተገኘው በ2004 ነው፦ ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ። አዎ፣ እኛ ወገባችንን ሲያመን ከፋርማሲ የምንገዛው መድኃኒት። መድኃኒቱን የወሰደች ላም ስትሞት የበላት ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ይቆማል። ሕንድ በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። እስከዚያ ግን በአንደኛው ዝርያ ከ100 ወፍ ከ99 በላይ አልቆ ነበር። ጥንቡን የሚያነሳ ሲጠፋ ውሻ በዛ፤ ከውሻ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት መጣ። ያ ሰው ጎጆ ባይቆጥር ኖሮ ሁሉም ሰው ቡና ላይ ይከራከር ነበር፤ ልክ እንደኛ።

በኛም ከተማ ኮፍያ ያጠለቀ የሚመስል፣ ፊቱ ቀላ ያለ ትንሽ ጥንብ አንሳ አለ። ቆሻሻ አካባቢ ስታዩት «ኤጭ» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወገን መድቦታል። አንበሳ እንኳ እዚያ ምድብ ውስጥ አልገባም። የሐዋሳዎቹ ስንት ናቸው? በየትኛው ዛፍ ያድራሉ? ካርድ ያለው ያምጣ።

ደግሞ ቆጠራ ሲባል ሁልጊዜ «ቀነሰ» ለማለት አይደለም። ካምፓላን እዩ። አባ ኮዳ እዚያ ከተማ መሃል ጎጆ ሠርቶ ይኖራል፤ ጎጆውን ለብዙ ዓመታት የቆጠሩ ሰዎች ከከተማው ቆሻሻ ጋር አብሮ መብዛቱን አሳይተዋል። እንግዲህ እኛም ዘንድ አባ ኮዳ በዝቶ ቢገኝ ደስ ሊለን ነው ወይስ የቆሻሻ መኪናውን ፕሮግራም ልናይ? መኪናውን ማቆም ያቃተው ጓደኛዬ እውነቱን ሊሆን ይችላል። «ሰማዩ ይጠቁር ነበር» ያለውም እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ እሱ ያስታወሰው ዳክዬ ቢሆንስ? አባ ኮዳ ከአንጀት ይኖራል። ዳክዬ፣ ንስርና ዓሣ አጥማጅ ወፍ ግን ከሐይቁ ነው የሚኖሩት። አንዱ ሲበዛ ሌላው ሊጎድል ይችላል።

ስለ ሐይቁ ራሱ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም። በኔ ቋንቋ ሞዴል 19 እንጂ ሞዴል 22 የሌለው መጋዘን ነው። ከማሳ ታጥቦ የወረደው፣ ከከተማ የፈሰሰው፣ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ትንሽ ዓሣ ከውኃው ይወስዳል፣ ትልቁ ትንሹን ይበላል፣ ንስሩ ትልቁን። ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ በሌላው ዓለም የታወቀበት እንዲህ ነው፤ የንስርና የጭልፊት እንቁላል ቅርፊት ሳስቶ እናትየው ስትታቀፈው ይሰበር ነበር። ውኃውን ላቦራቶሪ ወስዶ መመርመር ውድ ነው። ንስር መቁጠር እርሳስ ነው የሚፈልገው። ሐይቁን ከሚመግበው ወንዝ ወዲያ ያለው ጨለለቃም ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግና የከብት መዋያ ነው። ያኔ የነበረውን ወፍ ቆጥሮ ያስቀመጠ ካለ እባካችሁ ደውሉልኝ፤ ምሳ እጋብዛለሁ። ዓሣ ጉላሽ።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የምጠይቀው አዲስ ፕሮጀክት አይደለም። ፕሮጀክት ከሆነ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታተማል፣ አበል ይታሰባል፣ በሦስተኛው ዓመት በጀቱ ያልቃል። እኔ የምጠይቀው አሰልቺ ነገር ነው። ቆጠራ ጥሩ የሚሆነው ሲሰለች ነው። ያው ቦታ፣ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት፣ ያው ቅጽ፣ ዓመት በዓመት።

ቀኑን ማንም መምረጥ የለበትም፤ ተመርጧል። ዓለም አቀፉ የውኃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በጃንዋሪ አጋማሽ ይካሄዳል፤ አፍሪካም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ገብታበታለች። በእኛ አቆጣጠር ጥር ሲጠባ፣ ከጥምቀት ቀደም ብሎ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚያ ወቅት ሰሜኑ በረዶ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የመጣው ወፍ ከመስከረም ጀምሮ ገብቶ፣ አርፎ፣ ቦታውን ይዟል። መጋቢት ላይ ለመመለስ ገና ነው። ሁሉም አገር በአንድ ሰሞን ከቆጠረ አንድ ዳክዬ ዝዋይም ሐዋሳም፣ ግብፅም ኬንያም ሁለቴ አይቆጠርም። ንብረት ክፍልም ሰኔ 30 ቀን መጋዘን የሚዘጋው ለዚሁ ነው፤ ዕቃው እየተንቀሳቀሰ አይቆጠርም። ሁዳዴም ገና አልገባም። ልጁ የነገረኝ ችግር በራሱ ተፈታ።

ከዚያ ሐይቁ ዳር ቋሚ ቦታዎች ይመረጡ። ለኔ አሞራ ገደል፣ ፍቅር ሐይቅ፣ ጥቁር ውኃ የሚገባበትና ጨለለቃ ይበቃሉ፤ ከኔ የተሻለ ያውቃል ዩኒቨርሲቲው። ቦታው ላይ ድንጋይ ይተከል፤ ቁጥር ይጻፍበት። ቆጣሪው ድንጋዩ ጋ ይቁም እንጂ «ዛሬ ከዚያ ወዲያ ጥሩ ይታያል» ብሎ አይንቀሳቀስ። ስንት ሰው እንደቆጠረ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ጭጋግ እንደነበረ ይጻፍ። ሁለት ሰው ለየብቻ ቆጥሮ ሁለቱም ቁጥር ይመዝገብ፤ የኔ 61 እና የእህቴ ልጅ 74 ሁለቱም ይቀመጡ። ልዩነቱ ራሱ ምን ያህል እንደምንሳሳት ይነግረናል። አማካይ አውጥቶ ዋናዎቹን መደምሰስ ግን ነውር ነው። በእኛ ሙያ ቁጥር አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ አጠገቡ ይፈረማል።

ዜሮም ይጻፍ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ያላየነውን ወፍ ቦታ ባዶ መተው ልማድ ነው። ባዶ ግን «አልነበረም» ይሁን «አልፈለግንም» አይታወቅም። ዕቃ ሲያልቅ ቢን ካርዱን ቀዳችሁ አትጥሉትም፤ ባላንስ ዜሮ ብላችሁ ካርዱን ቦታው ትተዉታላችሁ።

«ባለሙያ የለንም» የሚለውን መልስ ከአሁኑ እሰማዋለሁ። ሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በመንገድ ዳር ወፍ የሚቆጥሩት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በአንድ መንገድ 50 ጊዜ ይቆማሉ፤ በእያንዳንዱ ማቆሚያ ሦስት ደቂቃ ብቻ ያያሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ይጽፋሉ። ከ1970 ወዲህ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ወፍ እንደጎደለባቸው በ2019 ያወቁት በዋናነት ከእነዚህ ሦስት ሦስት ደቂቃዎች ነው። የጎደለውም ብርቅዬው ብቻ አልነበረም፤ ማንም ልብ የማይለው ተራው ወፍ ጭምር ነው። በወፍ እግር ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ማሰርንም እ.ኤ.አ. በ1899 በወጉ የጀመረው ዴንማርካዊ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ለሚይዘው ወፍ ሁሉ ቁጥርና አድራሻ ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት ያጠልቅ ነበር። ይህን ሳነብ ወንድሜ አልኩ። ወንበር ጀርባ ላይ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ይገባዋል።

የትኩረት ባህል እኛም አጥተን አይደለም። የሲዳማ አያንቶዎች፣ ዘመን ቆጣሪ ሽማግሌዎቹ፣ ኮከብና ጨረቃ አይተው የፊቼ ጨምበላላን ቀን ይቆርጣሉ። አንድ ሌሊት ቀና ብሎ አይቶ የሚደረስበት ነገር አይደለም፤ ዓመት በዓመት ያንኑ ሰማይ ማየት ነው። ከዚያ ባህል ውስጥ የወጣ ልጅ ንስር መቁጠር ሊከብደው አይችልም።

መዝገቡ ደግሞ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ አይደር። አንድ ቅጂ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ፣ አንድ ቅጂ ከተማው ዘንድ ይቀመጥ፤ ማጠቃለያው አሞራ ገደል መግቢያ ላይ በሰሌዳ ይለጠፍ። የወፉ ስም፣ የዘንድሮው፣ የአምናው፣ የካቻምናው። ፎቶ ሊነሳ የመጣ ቱሪስት ያንብበው፤ ዓሣ የሚገፍፈውም ልጅ «ይሄ ልክ አይደለም» ብሎ ይከራከርበት። ኢትዮጵያ የአፍሪካና የዩራሲያ ተሰዳጅ የውኃ ወፎች ስምምነት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ወፉን መከታተል እዚያ ውስጥ አለ። ስለዚህ ውለታ እየጠየቅሁ አይደለም፤ የፈረምነውን ነው።

ቆጣሪዎቹ ሲዛወሩም ርክክብ ይፈጸም። ክሊራንሱ ላይ አንድ መስመር ትጨመር፦ «የወፍ መዝገብ አስረክቧል»። ስቴፕለር ከተጠየቀ ይህም ይጠየቅ።

መልስ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። በጥር የመጀመሪያው ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከእህቴ ልጅ ጋር አሞራ ገደል ነን፤ ማታም ለማደሪያው ቆጠራ እንመለሳለን። ዓሣ የሚገፍፈው ልጅ ሐንካሳውን ሊያሳየን ቃል ገብቷል። የምትመጡ እርሳስ ይዛችሁ ኑ። እስክሪብቶ በጤዛ የራሰ ወረቀት ላይ አይጽፍም። ዛፉ ሥር የምትቆሙ ደግሞ ኮፍያ አትርሱ።

ከሰላምታ ጋር

ጡረተኛው የንብረት ክፍል ሠራተኛ
ሐዋሳ